ለሬንጅፋይንደር ካሜራ አጭር ቴሌፎቶ ሌንስ እንዴት ይመረጣል?

ከአዲስ አበባ መሃል ወጥቶ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ ወይም ከአቃቂ ቃሊቲ ባሻገር ባሉት ሜዳዎች ፎቶ የሚያነሣ ሰው፣ ካሜራው ላይ ያለው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሁለት ነገር እንደሚያጥረው ብዙ ሳይቆይ ይገነዘባል። የሰው ፊት ክፈፉን እንዲሞላለት ከፈለገ ወደ ተነሺው ከልክ በላይ መጠጋት ይኖርበታል፤ ከአውድማው ኋላ ለዓይን ገዝፎ የሚታየው የየረር ተራራም ፎቶው ላይ ሲወጣ አንሶ ይገኛል። ሁለቱንም የሚያቃልለው ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው፣ አጭር ቴሌፎቶ የሚባለው ሌንስ ሲሆን፣ ይህም ከ75 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ያለውን ያጠቃልላል። 135 ሚሊ ሜትር ደግሞ በሬንጅፋይንደር፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን በራሱ መስኮት በሚያይና ርቀትን በውስጡ ባለ መለኪያ በሚለካ ካሜራ ላይ፣ በዚያው መለኪያ ብቻ ሊሠራበት የሚቻለው የመጨረሻው ወሰን ነው።

እንዲህ ያለ ሌንስ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት ድረስ ይከፍታል?» የሚል ነው። መክፈቻው የሚለካው በኤፍ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል። ኤፍ 2 ከኤፍ 4 ይበልጣል፣ ኤፍ 1.4 ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሰፊውን ገዝቶ ይሄዳል። ይህ አካሄድ በሌንሱ ውስጥ በሚያይ ካሜራ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ በሬንጅፋይንደር ግን መቅደም ያለባቸው ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው ካሜራው ርቀትን ምን ያህል አጣርቶ ይለካል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው መመልከቻው ሌንሱ የሚያነሣውን ያሳያል ወይ የሚለው ነው። የመክፈቻው ስፋት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ካለው ብርሃን አንጻር ሲታይም፣ ከሚገመተው በታች ጥቅም ያለው ነገር ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል። ሬንጅፋይንደር ካሜራ በግንባሩ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት መስኮቶች አሉት፤ ከሁለቱ የሚገቡት ምስሎች በመመልከቻው መሃል ባለችው ደማቅ አራት ማዕዘን ውስጥ ተደርበው ይታያሉ። ፎቶ አንሺው የሌንሱን ቀለበት ሲያዞር ሁለቱ ምስሎች ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ፤ አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ተለካ ማለት ነው። ሌንሱና መለኪያው የሚገናኙት በካሜራው አፍ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሮለር ሲሆን፣ በጀርመኑ ላይካ ካሜራ ሥርዓት ይህች ሮለር የተቀመረችው 51.6 ሚሊ ሜትር ለሆነው መደበኛ ሌንስ እንቅስቃሴ ነው። 90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለዚያው ርቀት ወደ ፊት የሚወጣው የመደበኛውን 3 እጥፍ ያህል ነው፤ 75 ሚሊ ሜትሩ 2 እጥፍ ያህል፣ 135 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 7 እጥፍ የሚጠጋ ይወጣል። ስለዚህ በረጅሞቹ ሌንሶች ውስጥ አንዱ ጠመዝማዛ ጥርስ መስታወቱን ሲያንቀሳቅስ፣ ሌላው በራሱ ልክ ሮለሯን ይገፋል።

ይህ ምጣኔ እንቅስቃሴውን እንደሚያባዛ ሁሉ ስሕተቱንም ያባዛል። በመለኪያው በኩል 0.02 ሚሊ ሜትር የምትሆን ዝንፈት አለች እንበል፤ ብዙ ዓመት ያገለገለ ካሜራ ይህችን ያህል ቢዛነፍ የሚያስደንቅ አይደለም። ዝንፈቷ በ75 ሚሊ ሜትር ሌንስ 0.04፣ በ90 ሚሊ ሜትር 0.06፣ በ135 ሚሊ ሜትር 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች። በሌላ በኩል፣ ፊልሙ ላይ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር የሰፋች ነጥብ ለዓይን ጥርት ያለች ትመስላለች የሚለውን የተለመደ መለኪያ ከተከተልን፣ በኤፍ 4 የሚፈቀደው ዝንፈት 0.12፣ በኤፍ 2.8 ደግሞ 0.08 ገደማ፣ በኤፍ 2 ግን 0.06 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ያችን ስሕተት ችሎ ግማሽ ያህል ትርፍ ሲኖረው፣ 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ጫፍ ላይ ይቆማል፤ 135 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ወሰኑን አልፎ ይሄዳል። ውዱ ሌንስ በርካሹ ካሜራ ላይ ተገጥሞ ከርካሹ ሌንስ የደበዘዘ ፎቶ የሚሰጥበት ምስጢር ይኸው ነው።

የመለኪያው አቅም ከካሜራ ካሜራ እጅግ ይለያያል። አቅሙ የሚታወቀው በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለው ርቀት መመልከቻው ምስሉን ከሚያሳይበት መጠን ጋር ሲባዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ላይካ ኤም 3 በዚህ ስሌት 62 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኤም 6፣ መጠኑ 0.72 የሆነው የተለመደው ዓይነት፣ 50 ገደማ አለው። ትንሹ ላይካ ሲ ኤል ግን 19 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ከእርሱ ጋር የወጣው 90 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 4 መወሰኑም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ከሶቪየት ካሜራዎች ደግሞ የፌድ 2 መስኮቶች 67 ሚሊ ሜትር ሲራራቁ የዞርኪ 4 መስኮቶች የሚራራቁት 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዋጋ የሚቀራረቡ ስለሆኑ ብዙ ሰው ሁለቱን እኩል አድርጎ ያያቸዋል፤ ለቴሌፎቶ ግን እኩል አይደሉም።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈሮቻችን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ አይገባም። ሬንጅፋይንደር ቁመታዊ መስመር ላይ ቶሎ ይለካል፤ ሆኖም መስመሮቹ ተመሳሳይና ተደጋጋሚ ከሆኑ ይታለላል። የከተማዋ ዳርቻ ደግሞ የቆርቆሮ አጥር አገር ነው። የቆርቆሮው አንዱ ጉብታ በሌላው ጉብታ ላይ ሲደረብ ምስሉ የገጠመ ይመስላል፤ ርቀቱ ግን የተሳሳተ ይሆናል። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ ስሕተት ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፤ በ90 ሚሊ ሜትር ግን ፎቶውን ያበላሻል። ስለዚህ አጥር ፊት የቆመን ሰው ሲያነሡ በሰውየው ዓይን ጠርዝ፣ በነጠላዋ ጥለት ዳር ወይም በአንገት መስቀል ላይ ይለኩ፤ አጥሩን ራሱን ማንሣት ከፈለጉ ደግሞ የበሩን መቃን ወይም የማዕዘኑን ቋሚ እንጨት ይምረጡ።

ሁለተኛው ጥያቄ መመልከቻው ነው። ላይካ ኤም 3 ለ50፣ ለ90 እና ለ135 ሚሊ ሜትር የክፈፍ መስመሮች አሉት፤ ምስሉን በተፈጥሮ መጠኑ ገደማ ስለሚያሳይ 90 ሚሊ ሜትሩ ክፈፍ በውስጡ ሰፊና ምቹ ነው። ኤም 2 ለ35፣ ለ50 እና ለ90 አለው። በኤም 6 መስመሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ 28 ከ90፣ 35 ከ135፣ 50 ከ75 ጋር። ይህም ማለት በኤም 3 ወይም በኤም 2 ላይ 75 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያስገጥም ሰው የሚመራበት ክፈፍ የለውም፤ በግምት መሥራት ወይም ከካሜራው አናት ላይ የሚሰካ ተጨማሪ መመልከቻ መፈለግ ይኖርበታል። ካነን ፒ ከ35 እና ከ50 ሌላ 100 ሚሊ ሜትር ሲያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ካነን 7 እስከ 135 ያሉትን በመደወያ እየተመረጡ እንዲታዩ ያደርጋል። ፌድ 2 እና ዞርኪ 4 ግን ከ50 በስተቀር ምንም አያሳዩም። ለእነርሱ 28፣ 35፣ 50፣ 85 እና 135 ሚሊ ሜትር በአንድ ላይ የያዘው የሶቪየት ተሽከርካሪ መመልከቻ በደንብ ያገለግላል፤ ነገር ግን በአንዱ መስኮት ለክቶ በሌላው ማየት ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው። ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ይህ የዘገየ አሠራር ያስቸግራል፤ በልብስ ማስጫው ጥላ ተቀምጠው ቡና ለሚጠጡ ሰዎች ግን አያስቸግርም።

መነጽር የሚያደርግ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። የሰፊ ሌንስ ክፈፍ ከመነጽሩ ውጭ ሲወጣበት፣ የ90 ሚሊ ሜትሩ መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ሙሉ በሙሉ ይታየዋል። ክፈፉ ዙሪያም ገና ያልገባው ነገር ስለሚታይ፣ አህያዋ እንጨቷን ተሸክማ ወደ ፎቶው መግባቷን አስቀድሞ ለማየት ይመቻል። ሆኖም መስመሮቹ የተሰመሩት ለቅርብ ርቀት በመሆኑ ሩቅ ነገር ሲነሣ ፎቶው ከሚታየው ክፈፍ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይወጣል፤ ዳር ላይ ያለን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ለማስቀረት ከፈለጉ ከመስመሩ በደንብ ማራቅ ያስፈልጋል። ወፍራም ሌንስ ደግሞ የመመልከቻውን የታች ቀኝ ማዕዘን ይጋርዳል። የላይካን 75 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሱሚሉክስ ሌንስ፣ ከግማሽ ኪሎ የሚያልፈውን፣ የያዘ ሰው ይህን በየዕለቱ ያየዋል።

ወደ ርዝመቱ ምርጫ እንምጣ። ከወገብ በላይ ሳይሆን ከትከሻ በላይ የሆነ ፎቶ ሲነሣ፣ ካሜራው በቁመቱ ተይዞ፣ 53 በ80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስፋት በቂ ነው። ይህን ስፋት ለማግኘት በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1 ሜትር ከ10 ያህል፣ በ75 ሚሊ ሜትር 1 ሜትር ከ70 ያህል፣ በ90 ሚሊ ሜትር 2 ሜትር፣ በ135 ሚሊ ሜትር ደግሞ 3 ሜትር ርቆ መቆም ያሻል። ከ1 ሜትር የተነሣ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ይሸሻል። ይህ የሌንሱ ሳይሆን የርቀቱ ሥራ ነው። ሁለት ሜትር የሚያህለው ርቀት ለፊትም ለጨዋነትም የሚስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሣዎት?» ብሎ ሳይጮኹ ለመጠየቅና መልሱንም ከፊታቸው ለማንበብ የሚያስችል ቅርበት ነው፣ ካሜራው ግን አፍንጫቸው ሥር አይደረግባቸውም። በ135 ሚሊ ሜትር ከሩቅ ሳያስፈቅዱ የማንሣት ፈተና ይመጣል፤ ከሩቅ ተሠርቆ የተነሣ ፊትም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ይታወቃል።

ስለዚህ አንድ ሌንስ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው 90 ሚሊ ሜትርን እመክራለሁ። ከ50 ሚሊ ሜትሩ በበቂ ሁኔታ ይለያል፤ ክፈፉ በአብዛኞቹ ካሜራዎች አለ፤ በአሮጌ ገበያም በብዛት ይገኛል። 75 ሚሊ ሜትር ይበልጥ የሚስማማው መደበኛ ሌንሱ 35 ለሆነ ሰው ነው፤ 50 ላለው ሰው ልዩነቱ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ከመራመድ የማይበልጥባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። 85፣ 100 እና 105 ሚሊ ሜትሮቹ በአሠራር ከ90 ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ምርጫው በካሜራው ክፈፍ ይወሰን። 135 ሚሊ ሜትር የሚያስፈልገው መጠጋት ለማይገባው ነገር ነው፤ ለምሳሌ በጥምቀት ዕለት ታቦት አጅበው የሚሄዱ ካህናትን ከሕዝቡ ዳር ሆኖ ለማንሣት፣ ወይም በሱሉልታ ሜዳ የሚጋልቡ ፈረሰኞችን ለማምጣት። ያኔም ቢያንስ ኤፍ 5.6 ወይም 8 ላይ መዝጋት ግድ ነው።

የመክፈቻው ጉዳይ አሁን ሊነሣ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን የምትርቅ ከተማ በመሆኗ፣ በበጋ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። በጠራ ፀሐይ ባለ 400 ፊልም (ቁጥሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት ያሳያል) የያዘ ካሜራ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ ማለትም ሹተሩ የመጨረሻው ፍጥነት በሆነው አንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ ቢሠራ፣ ሌንሱ ኤፍ 11 ላይ መሆን አለበት። ባለ 100 ፊልም ቢሆን ኤፍ 5.6 ነው። ፌድ 2 ፍጥነቱ በአንድ አምስት መቶኛ ስለሚያበቃ ከዚህም አንድ ደረጃ መዝጋት ይጠይቃል። ኤፍ 2 ሌንስ የገዛ ሰው እንግዲህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት ድረስ፣ ደመና ከሌለ፣ የከፈለበትን መክፈቻ አንድ ጊዜም ሳይጠቀምበት ሊውል ይችላል። ግራጫ ማጣሪያ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን ብርሃን ለማስገባት የተከፈለበትን ሌንስ ብርሃን በሚከለክል መስታወት መሸፈን ለብዙዎች አይዋጥም።

ፀሐይ ከአናት ስትሆን የዓይን ጉድጓድ ስለሚጨልም የሰው ፊት በዚያ ሰዓት የሚነሣው በበረንዳ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በአጥር ጥግ ነው። በእንዲህ ያለ ሰማይ በሚያየው ጥላ ውስጥ ባለ 400 ፊልም በአንድ ሺኛ ሰከንድ ኤፍ 4 ይፈልጋል። የክረምቱ ደመናማ ቀንም ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ዝናብ ሲያጠቁር ደግሞ ኤፍ 4 ላይ ሆኖ ወደ አንድ ሁለት መቶ አምሳኛ ይወርዳል፣ ይህም 90 ሚሊ ሜትርን በእጅ ይዞ ለማንሣት በቂ ፍጥነት ነው። በሌላ አነጋገር ከቤት ውጭ ለሚሠራ ሰው ኤፍ 4 ሌንስ ክፍቱን ሆኖ የሚሠራበት ብርሃን አገሪቱ በራሷ ትሰጠዋለች። ኤፍ 4 በ2 ሜትር ርቀት ላይ 90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከፊትና ከኋላ በድምሩ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥርት አድርጎ ይይዛል፤ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ይበቃል፣ ኋላ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ይለሰልሳል። ኤፍ 2.8 ወደ 8፣ ኤፍ 2 ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ያወርዱታል።

ኤፍ 2 በእርግጥ የሚያስፈልገው ቤት ውስጥ ነው። በሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ከመስኮት በምትገባ ብርሃን ሥራው ላይ ተቀምጦ ለማንሣት ቢፈለግ፣ ባለ 400 ፊልም በኤፍ 2.8 አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ ለ90 ሚሊ ሜትር የእጅ ንቅናቄ የሚታይበት ፍጥነት ነው። በኤፍ 2 አንድ ስልሳኛ ይሆናል፤ ትንፋሽን ይዞ፣ ክርንን ከግድግዳ አስደግፎ ይሞከራል። እንዲህ ያለ ሥራ አዘውትሮ የሚሠራና መለኪያው የተፈተነ ኤም 3 ወይም ኤም 6 ያለው ሰው በላይካ 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሱሚክሮን ሌንስ ላይ ገንዘቡን ቢያወጣ አልቃወመውም። ለሌላው ሰው ግን ሸማኔውን ሁለት ክንድ ወደ በሩ እንዲቀርብ መጠየቅ ይረክሳል።

በስም ከተነጋገርን፣ ለኤም ላይካ በዋጋም በክብደትም ቀላል ከሆኑት መካከል አሮጌው 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ኤልማር ይገኛል፤ ለሲ ኤል የተሠራው ኤልማር ሲም ትንሽና ጥሩ ነው፣ የሚገጠምለት የማጣሪያ ዓይነት ግን በቀላሉ የማይገኝ መሆኑ ያሰለቻል። ኤፍ 2.8 የሆነው ኤልማሪት መካከለኛውን ቦታ ይይዛል። ቀጭኑ ቴሌ ኤልማሪት ለኪስ የሚመች ቢሆንም አንዳንዶቹ በኋላ መስታወታቸው ላይ ጭጋግ በማበጀት ስለሚታወቁ ሳያዩ መግዛት አይገባም። አዲስነትን ለሚመርጥ ሰው የጃፓኑ ኮሲና ኩባንያ በቮይግትሌንደር ስም ያወጣቸው 75 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5 ኮለር ሄልያርና 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 3.5 አፖ ላንታር አሉ። ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ሁለቱም ከዋጋቸው በላይ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣሉ፤ እኔ አፖ ላንታሩን አስቀድማለሁ። ከአሮጌ ጃፓኖች ኒኮር 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ታሪክ ያለው ሌንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንካን ቶኪዮ ላይ አይቶት ከተደነቀ በኋላ በኮሪያ ጦርነት የኒኮር ሌንሶችን በላይካው ላይ ገጥሞ መጠቀሙ የጃፓን ሌንሶችን ስም በዓለም እንዲታወቅ አድርጓል።

እነዚህ ሌንሶች በአገጣጠማቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ 39 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸውና እየተጠመዘዙ የሚገቡት፣ እንዲሁም ገብተው ጥቂት ዞረው የሚቆለፉት የኤም ሌንሶች። የጥርስ ሌንስ በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አዳፕተር በኤም ካሜራ ላይ ይሠራል፤ የኤም ሌንስ ግን በጥርስ ካሜራ ላይ አይሠራም። አዳፕተሩ የትኛው ክፈፍ እንደሚወጣ የሚወስን በመሆኑ ለ90 ሚሊ ሜትር የ28/90ውን፣ ለ75 ሚሊ ሜትር የ50/75ቱን ለይቶ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ርካሽ አዳፕተር ውፍረቱ ትንሽ ቢዛባ ቀደም ሲል የተሰላው ዝንፈት ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። የሶቪየቱ ጁፒተር 9፣ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2፣ እና ጁፒተር 11፣ 135 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4፣ ጥርሳቸው ከላይካ ጋር ይገጥማል፤ የተቀመሩበት መደበኛ ርዝመት ግን ከላይካው 51.6 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ሩቁን ሲያጠሩ ቅርቡን ይስታሉ። የሶቪየት ቴሌፎቶ ለሶቪየት ካሜራ ይሁን፤ ለላይካ ባለቤት ርካሽነቱ አያታልለው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሌንስ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ማግኘት ብርቅ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዘመድ ደግሞ ሌንስ የማወቅ ግዴታ የለበትም። ሻጩ ከኋላ በኩል የእጅ ባትሪ እያበራ በፊት መስታወቱ ውስጥ ያነሣውን ፎቶ እንዲልክ ይጠየቅ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፣ ወጥ የሆነ ነጭ ጉም ከታየ ጭጋግ ነው፣ ሁለቱም ለመተው በቂ ምክንያት ናቸው። ጥቂት አቧራ ወይም ፊት መስታወቱ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ግን ፎቶው ላይ አትታይም፤ ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ለመተው ምክንያት አትሆንም። የመክፈቻ ቅጠሎቹ ላይ ዘይት ቢኖር በሬንጅፋይንደር ሌንስ ብዙ አይጎዳም። ሌንሱ ከደረሰ በኋላ ከቆዳ ማኅደሩ ወጥቶ ይቀመጥ፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ቆዳው እርጥበት ይዞ ሻጋታውን ይቀልባል። ክዳኑም አይረሳ፤ የፊልም ላይካ፣ የፌድና የዞርኪ ሹተር ጨርቅ በመሆኑ ወደ ፀሐይ ዞሮ የተቀመጠ ክዳን የሌለው ሌንስ መጋረጃውን ያቃጥለዋል። የካነን ፒ እና 7 መጋረጃ ብረት ስለሆነ ይህን ይቋቋማል።

የመጨረሻው ሥራ ፍተሻ ነው፤ አንድ ጥቅል ፊልም ሳያባክኑም ይደረጋል። ካሜራው ባዶ ሆኖ ጀርባው ይከፈት፤ ጀርባው የማይከፈት አሮጌ ላይካ ከሆነ ግን በፊልም መሞከር ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ፊልሙ በሚያልፍባቸው ሁለት ሐዲዶች ላይ የደበዘዘ መስታወት ወይም ተወጥሮ የተለጠፈ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ይቀመጥ፤ ሹተሩ በ«ቢ» ላይ ተደርጎ በመቆለፊያ ገመድ ክፍት ይቆይ፤ ሌንሱም ሙሉ በሙሉ ይከፈት። መጀመሪያ ከአያት ወይም ከኮተቤ በኩል የየረርን ጠርዝ፣ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ የስልክ ማማ ይለኩ፤ በመመልከቻው ውስጥ ሁለቱ ምስሎች ሲገጥሙ በወረቀቱ ላይ ያለው ምስል በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጥርት ማለት አለበት። ቀጥሎ በ3 ሜትር፣ ከዚያም ሌንሱ በሚፈቅደው የመጨረሻ ቅርበት፣ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ላይ፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጋዜጣ ይደገም። ዲጂታል ላይካ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ትቶ አግድም በተዘረጋ ሜትር ላይ አነጣጥሮ በስክሪኑ አጉልቶ ማየት ይበቃዋል።

ውጤቱ ሲነበብ ጥንቃቄ ይሻል። ሩቁም ቅርቡም በአንድ አቅጣጫ ከሳተ፣ በ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስም ያው ስሕተት በትንሹ ከታየ፣ የሚስተካከለው ካሜራው ነው፤ ሌንሱን አይንኩት። 50 ሚሊ ሜትሩ ልክ ሆኖ አዲሱ ሌንስ ብቻ በሁሉም ርቀት እኩል ከሳተ፣ ባለሙያ በሌንሱና በአገጣጠሙ መካከል ስስ የብረት ቀለበት በመጨመር ወይም በመቀነስ ያቃናዋል። ሩቁ ልክ ሆኖ ቅርቡ ብቻ ከሳተ ግን ስሕተቱ ሮለሯን በሚገፋው ጥርስ ላይ ስለሆነ ጥገናው አድካሚ ነው፤ መመለስ ከተቻለ ይመለስ፣ ካልተቻለ ከ3 ሜትር ወዲያ ላለ ነገር ብቻ ይዋል።